“ዘመኑን ዋጁ” ሲባል ምን ማለት ነው? ሳምንቴን ቆጥሬ ደነገጥኩ

ሰዓት_የጠበበው
ሰላም ለሁላችሁ፣ የተወደዳችሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ስብከቱ ኤፌሶን 5፥16 ላይ ነበር። “ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ።” ስንቴ የሰማሁት ቃል ነው። የዚያን ቀን ግን አልለቀቀኝም። ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁና ሳምንቱን ሙሉ ጊዜዬ የት እንደሚሄድ በየሰዓቱ መጻፍ ጀመርኩ።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የእኔ እንዲህ ወጣ፦ እንቅልፍ 45፣ ሥራ 50፣ መንገድ 12፣ አገልግሎት 14፣ መብላት፣ መታጠብና የቤት ጣጣ 20፣ ስልክ 19፣ ጸሎትና ቃል 2። ስደምረው 162 ሆነ። 6ቱ የት እንደገባ አላውቅም።

የስልኩን ቁጥር የነገረኝ ራሱ ስልኩ ነው። በዓመት ሳባዛው ወደ 41 ሙሉ ቀንና ሌሊት ይመጣል። አላመንኩም፣ እንደገና አባዛሁት። ያው ነው። በዚያ ላይ “ቢዚ ነኝ” የማልልበት ቀን የለም።

በጣም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን ባለቤቴ አየችው። ከላይ እስከ ታች አነበበችና “እኔ የትኛው መስመር ላይ ነኝ?” አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ፈልጋ ስላጣች ነው የጠየቀችው። መልስ አልነበረኝም።

መዘምራን ውስጥ አለሁ። የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ነኝ። የማክሰኞ ጥናትም እመራለሁ። ሁሉንም ወድጄው ነው የማደርገው። እናንተ ጊዜያችሁን እንዴት ነው የምትይዙት? ምክር እፈልጋለሁ፣ ግሣጼም ቢሆን እቀበላለሁ።

ጸጥታ
ወንድሜ፣ ስለ ስልኩ ብቻ ልናገር፣ እሱን አልፌበታለሁና።

ስልክህን ከመኝታ ክፍል አውጣው። ሌላ ምንም አታድርግ፣ መጀመሪያ ይህን ብቻ። ቻርጀሩ ሳሎን ይሁን። “ለማንቂያ ያስፈልገኛል” ካልክ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን የማነበው ከስልኬ ላይ ነበር። አንድ ምዕራፍ ልከፍት ገብቼ ቴሌግራም ላይ እገኛለሁ። አሁን የማነበው ከወረቀቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች እጄ ትራስ ስር ይፈልገው ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ።

ማሳወቂያዎቹንም አጥፋቸው። ከሰው የሚመጣ ጥሪና መልእክት ይቆይ፣ ሌላው ሁሉ ይጥፋ።

ንባብ_ወዳድ
ቃሉን ላነሣህ አመሰግናለሁ። እኔም ብዙ ቆሜበታለሁ።

“ዋጁ” የተባለው የግሪኩ ግስ “ኤክሳጎራዞ” ነው። “አጎራ” ገበያ ነው። ገበያ ላይ ያለን ነገር ዋጋ ከፍሎ ማውጣት እንደ ማለት ነው። ጳውሎስ ይህንኑ ግስ ገላትያ 3፥13 ላይ ተጠቅሞበታል፦ ክርስቶስ ከሕግ እርግማን “ዋጀን” ሲል። አማርኛውም ሁለቱን ቦታ በአንድ ቃል ነው የተረጎመው። ስለዚህ መዋጀት ዋጋ አለው። አንድ ነገር ይከፈላል።

ሁለተኛው፣ “ዘመን” የተባለው “ካይሮስ” ነው። በሰዓት የሚቆጠረውን ጊዜ “ክሮኖስ” ይሉታል። ካይሮስ ግን ምቹ ጊዜ፣ ዕድል፣ ወቅት ነው። ልጅ ልጅ የሆነበት ወቅት አለ። ወላጅ በሕይወት ያለበት ወቅት አለ። አንድ ጓደኛ ልቡ ተከፍቶ ሊያወራህ የሚፈልግበት አንድ ምሽት አለ። ካለፈ አለፈ።

አንተን ይመለከታል ብዬ የማስበው ግን ሦስተኛው ነው። ምዕራፉን ቀጥለህ አንብበው። ጳውሎስ “ዘመኑን ዋጁ” ካለ በኋላ የጌታን ፈቃድ አስተውሉ ይላል። በመዝሙርና በማመስገን ኑሩ ይላል። ከዚያ ወዴት ሄደ? ወደ ቤት። ሚስቶች፣ ባሎች፣ ምዕራፍ 6 ላይ ልጆችና አባቶች። ዘመን የሚዋጀው የት እንደሆነ ሲያሳይ መጀመሪያ የገባው ሰው ቤት ውስጥ ነው። ለዓመታት ቁጥር 16ን ለብቻው ነጥዬ ስጠቅሰው ኖሬ ይህን አላየሁትም ነበር።

የሁለት_እናት
ንባብ ወዳድ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። “ወቅት” ያልከው ገብቶኛል።

እኔ ግን የተለየ ነገር ልናገር። ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲወራ ሁልጊዜ “በሌሊት ተነሥታችሁ ጸልዩ” ይባላል። የሦስት ዓመትና የአምስት ወር ልጆች አሉኝ። ሌሊት እነሣለሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ግን ለማጥባት ነው። ጠዋት ስነሣ ድካም ብቻ ነው ያለኝ። ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ያው ቀን ይፈርሳል። ጸሎቴ ተቆራርጧል። አንዳንዴ ከእግዚአብሔር የራቅሁ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ዘመኑን የሚዋጀው እንዴት ነው?

ነግህ
እህቴ፣ ይህን ስታነቢ እንዳትጨነቂ።

የግብጹ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ አንድ ጊዜ ስልቹነት ያዘው ይባላል። ሐሳቡ ተበታተነበት፣ መጸለይ አቃተው። “ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም” አለ። ወጣ ሲል እሱን የመሰለ ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል። ከዚያ ይነሣና ይጸልያል። መልሶ ይቀመጥና ይጎነጉናል። እንደገና ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር። “አንተም እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ” አለው።

መልአኩ ሥራውን አቁም አላለውም። ሥራና ጸሎት ተፈራረቁ። የአንቺም ቀን እንደዚያ ነው፣ የተቆራረጠ። ልጁን ስታጠቢ “አቤቱ ይቅር በለኝ” ማለት ጸሎት ነው። አንድ የመዝሙር ቁጥር ይዘሽ ቀኑን ሙሉ ማመላለስ ይቻላል።

በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉ፣ “ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ” በሚለው በመዝሙረ ዳዊት ቃል መሠረት። ለእኔ የጠቀመኝ ሰዓታቱ ታሪክ ስላላቸው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። 6 ሰዓት ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ምድር የጨለመችበት። 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት። መጽሐፉ የሚቆጥረው እኛ በአማርኛ እንደምንቆጥረው ስለሆነ ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር አስታዋሽ አለኝ። ቢሮ ሆኜ 9 ሰዓት ሲል ለአንድ ደቂቃ አቆማለሁ። በቃ፣ አንድ ደቂቃ።

ቆራጥ_አገልጋይ
ይቅርታ፣ እኔ በአንዳንዱ አልስማማም። ውይይቱ ሁሉ አገልግሎት ቀንሱ ወደ ማለት እየሄደ ነው። ጌታ “ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ ለእኔ ሊሆን አይገባውም” ብሏል፣ ማቴዎስ 10፥37። ወንድማችን 14 ሰዓት ማገልገሉ ችግር አይደለም። ችግሩ 19ኙ ሰዓት ነው። ስልኩን ያጥፋ፣ ያን ጊዜ ለባለቤቱ ይስጥ፣ አለቀ። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ሰው አጥታ በምትጮህበት ጊዜ አገልጋይን ማቀዝቀዝ ያስፈራኛል።

የቆየ_ሰው
ልጄ ቆራጥ፣ ቅንዓትህን እወደዋለሁ። እኔም እንዳንተ ነበርኩ። እንዳትቀዘቅዝም እጸልያለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ።

እናቴ በታመመችበት ዓመት የሦስት ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ እህቴ ደወለች። “እማዬ ስምህን እየጠራች ነው፣ ና” አለችኝ። “ስብሰባው ያልቅና እመጣለሁ” አልኳት። ስብሰባው ስለ በዓል ዝግጅት ነበር። ወንበር የት እንደሚደረደር ስንከራከር ሁለት ሰዓት ሄደ። ስደርስ እናቴ ትተነፍሳለች፣ ግን አትናገርም። በማግስቱ አረፈች። ምን ልትለኝ እንደፈለገች እስከ ዛሬ አላውቅም። 23 ዓመት ሆኖታል።

ማርቆስ 7ን አንብብ። ጌታ የወቀሳቸው ሰዎች “ቍርባን ነው” ይሉ ነበር። ይህን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁና ለአባቴና ለእናቴ የማደርገው የለኝም ማለታቸው ነው። የሚሉት ነገር መንፈሳዊ ይመስላል። ጌታ ግን የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ አላቸው። የማቴዎስ 10 ቃል እውነት ነው። ያን የተናገረው ጌታ ግን በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ አደራ የሰጠ ነው።

እኔ የዚያን ቀን ጌታን ከእናቴ አስበልጬ አልነበረም። ያስበለጥኩት ስብሰባውን ነው። ልዩነቱን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቆራጥ_አገልጋይ
ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምንም የምጨምረው የለም። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ሰዓት_የጠበበው
ጋሼ፣ እኔም መልስ ለመጻፍ ትንሽ ቆየሁ። ስለነገሩን አመሰግናለሁ።

አንድ እውነት ልጨምር። ስልክ የምነካካው መቼ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ አየሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ከጥናት ወይም ከልምምድ ደክሜ እመጣለሁ። ለመጸለይም ለማውራትም አቅም የለኝም። ሶፋው ላይ እወድቃለሁ፣ አውራ ጣቴ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ 14ቱና 19ኙ የተያያዙ ናቸው። አንዱን ይዤ ሌላውን መተው እንደማልችል ገብቶኛል። ጥያቄዬ አሁን፣ እንዴት ነው “አልችልም” የሚባለው? አለቃዬን እምቢ ማለት እችላለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀኝ ግን አንደበቴ ይታሰራል።

ንባብ_ወዳድ
ማርቆስ 1ን እይ። ቅፍርናሆም ነው። ማታ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቧል፣ ጌታ ብዙዎችን ፈወሰ። ገና ሳይነጋ ብቻውን ወጥቶ ጸለየ። ስምዖን ፈልጎ አገኘውና “ሁሉ ይፈልጉሃል” አለው። እስቲ አስበው፣ ሁሉ ይፈልጉሃል! ጌታ ምን አለ? ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ፣ ስለዚህ ወጥቻለሁና።

ደጅ ላይ የቆመው ችግር እውነተኛ ነበር። ግን የተላከበትን ያውቅ ነበር። ያንን ያወቀው ደግሞ በጸሎቱ ነው። “ሁሉ ይፈልጉሃል” የሚለው ቃል ብቻውን ጥሪ አይሆንም ማለት ነው።

ተግባሩን በተመለከተ ዘጸአት 18 ይበቃሃል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየው። “የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም” አለው፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ። ሥራው ቅዱስ ነበር፣ ግን አንድ ሰው ላይ ነበር። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የዐሥር አለቆችን ሹም አለው። ሐዋርያትም በሐዋርያት ሥራ 6 የማዕዱን አገልግሎት ለሰባት ሰዎች ሰጡ።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። “ከሦስት ወር በኋላ እለቃለሁ” አልኩና አንድ ወጣት አጠገቤ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ወር እኔ መራሁ፣ እሱ አየ። ሁለተኛውን አብረን። ሦስተኛውን እሱ መራ፣ እኔ ዝም አልኩ። ድንገት ብወጣ ኖሮ ሰው ይጎዳ ነበር።

ለሚጠይቅህ ሰው ደግሞ ወዲያው አትመልስ። “ጸልዬ፣ ከቤት ተማክሬ ነገ እነግርዎታለሁ” በል። ያንን ካልክ ግን ከልብህ ጸልይና ተማከር። ሰበብ እንዳይሆን።

ጸጥታ
እንቅልፍህም 45 ነው። በቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል ያንሳል። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለት ማስተኛትና ማብላት ነው። ያውም ሁለት ጊዜ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራ_ፈላጊ
እዚህ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። የሁላችሁ ችግር ጊዜ ማጣት ነው። የእኔ ጊዜ ሞልቷል።

ከተመረቅሁ 14 ወር ሆነኝ፣ ሥራ አላገኘሁም። ቀኑ ይረዝማል፣ ወሩ ግን ይሮጣል። 4 ሰዓት እነሣለሁ። ማመልከቻ የማስገባበት ቀን አለ፣ ምንም የማላደርግበት ቀን ይበዛል። ለመጸለይ ጊዜ አለኝ፣ ግን አልጸልይም። ሌላው ሰው ሲቸኩል ሳይ አፍራለሁ። “ዘመኑን ዋጁ” ሲባል ወቀሳ ነው የሚሰማኝ።

የቆየ_ሰው
ልጄ፣ እንኳን ጻፍክ። ከሁላችንም በላይ የሚገባህ አንተ ነህ።

ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ባለቤት በ11 ሰዓት ወጥቶ ቆመው ያገኛቸው ሰዎች አሉ። “ሥራ ፈትታችሁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ስለ ምን ትቆማላችሁ?” አላቸው። “የሚቀጥረን ስለ ሌለ” አሉ። ሰነፎች አላላቸውም። ምክንያታቸውን ተቀበለና ወደ ወይኑ ሰደዳቸው። ደመወዛቸውንም ሳያጎድል ከፈለ። ጌታ መቆምህን ያያል፣ ለምን እንደቆምክም ያውቃል።

ምክር ብትለኝ፣ ለቀኑ ቅርጽ ስጠው። የመነሻ ሰዓትህ አንድ ይሁን፣ የምትሄድበት ባይኖርም። ታጠብ፣ ልበስ። ከምሳ በፊት ያለው ለሥራ ፍለጋና ሙያህ እንዳይዝግ ለመማር ይሁን። ከምሳ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለሰው ስጥ። በአቅራቢያህ የታመመ የሚጠይቀው ያጣ ሰው አለ። ሥራ ያለን ሰዎች በቀን ልንጠይቀው አንችልም፣ አንተ ትችላለህ። ይህ አሁን በእጅህ ያለ ወቅት ነው፣ ሥራ ስትይዝ አታገኘውም።

የሁለት_እናት
ወንድሜ፣ የጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብቻህን አትጸልይ። ነግህ የነገረኝን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሞከርኩት ነው፣ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ። አንዳንዱ ያመልጠኛል፣ ልጁ ሲያለቅስ። ከፈለግህ 9 ሰዓት ላይ አንተም አቁም። አንድ ደቂቃ። እኔ ስምህን ባላውቀውም ስለ ሥራህ እጸልያለሁ፣ አንተም ስለ ልጆቼ ጸልይልኝ።

ሥራ_ፈላጊ
እሺ እህቴ። 9 ሰዓት። ከነገ ጀምሮ።

ነግህ
እኔም አለሁ።

ሰዓት_የጠበበው
አምስት ሳምንት አልፏል። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ስልኩ ሳሎን ያድራል። ባለፈው ሳምንት 8 ሰዓት አሳየኝ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ወድቄ ነበር፣ 17 ደርሶ ነበር። የደከምኩባቸው ቀናት ናቸው፣ እንዳልኩት።

የወጣቶቹን አስተባባሪነት ለማስረከብ ለኃላፊዎቹ ነገርኩ። እንደፈራሁት አልተቆጡም። አንዱ “ሚስትህ ደስ ይላታል” አለኝ። ያቺን የጎደለች መስመር እሱም ያውቃት ነበር ማለት ነው። የማክሰኞ ጥናቱን ከሌላ ወንድም ጋር በየተራ እየመራን ነው። መዘምራን አልተውኩም፣ ባለቤቴም እንድተወው አልፈለገችም።

ሐሙስ ማታን ለቤት ሰጠን። የመጀመሪያው ሐሙስ እንዳሰብኩት አልሆነም። ሁለታችንም ምን እንደምናወራ ጠፋን። እሷ ስለ ሥራዋ ትንሽ አወራች፣ ከዚያ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄ ስልኩን ሊፈልግ ብዙ ጊዜ ከጀለው። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ግን ስለ አባቷ ሕመም ነገረችኝ። ሁለት ወር ይዛው ኖራለች። “ለምን አልነገርሽኝም?” ስላት፣ “መቼ?” አለችኝ።

የሁለት_እናት
እግዚአብሔር አባቷን ይማርልን። ወጣቶቹስ እንዴት ሆኑ? አንተ ከለቀቅህ በኋላ ፕሮግራሙ ቀጠለ?

ሰዓት_የጠበበው
ቀጥሏል። የተተካው ልጅ 22 ዓመቱ ነው። አሥር ደቂቃ አርፍዶ ይጀምራል። እኔ የማልመርጣቸውን መዝሙሮች ይመርጣል። ያለፈው ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ላስተካክል ፈለግሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ሦስት ልጆች ወደ እሱ ሄደው እንዲጸልይላቸው ጠየቁት። ከሦስቱ ሁለቱን አላውቃቸውም ነበር።